ሐኪምዎ ማን ነው?

 

ረመዳን ሲቃረብ ወደ እኛ ወደ ኢማሞች የሚመጣው ጥያቄ ይበዛል። ስለ ዘካ እንጠየቃለን፤ ስለ ኒያ እንጠየቃለን፤ ያለፈ ዓመት ቀዷእ ያለባት እናት ምን ታድርግ እንባላለን። በሰፈራችን በኮልፌ ቀራኒዮ ግን ከዓመት ዓመት እየበዛ የመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። «ሼኽ፣ ስኳር አለብኝ፤ ልጹም ወይስ ልተው?» «ደም ግፊት አለብኝ፤ ክኒኑን ሱሑር ላይ ብውጠው ይበቃል?» «ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ይህ ሁሉ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ መስጂድ በር ላይ፣ ጫማ እየተጫማን ሳለ ነው። መልሱም በዚያው ፍጥነት እንዲሰጥ ይጠበቃል።

ባለፈው ዓመት የሆነውን እንንገራችሁ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ አባት ይህንኑ ጠየቁን። ከመጀመሪያው ሰፍ የማይጠፉ ሰው ናቸው። «ሐኪምዎ ምን አሉዎት?» አልናቸው። «የትኛውን ሐኪም ነው የሚሉኝ ሼኽ?» ብለው መለሱ። ሁለታችንም ሳቅን። «አላህ ያግራልዎ» ብለን ተለያየን።

በሰባተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ እዚያው መስጂድ ውስጥ ላብ አጥለቅልቋቸው ወደቁ። ጀመዓው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ሲለካ የደማቸው ስኳር ክፉኛ ወርዶ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ፣ በጊዜ ተደርሶላቸው ተረፉ። በኋላ ልጃቸው መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዞ ሲመጣ ባለሙያዋ ሁለት ጥቅል ለይታ አወጣች። አንዱ ላይ ግሊበንክላማይድ ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ ዳዎኒል። አንዱ ከአንድ ክሊኒክ፣ ሌላው ከሌላ ክሊኒክ የታዘዘ ነው። እርሳቸው የተለያዩ መድኃኒቶች መስለዋቸው ሁለቱንም ይውጡ ነበር። መድኃኒቱ ግን አንድ ነው፤ ዳዎኒል የንግድ ስሙ ነው። ስኳር የሚያወርደውን ያንኑ ክኒን እጥፍ እየወሰዱ በቀን ከ13 ሰዓት በላይ ይጾሙ ነበር።

ሁለቱ ሐኪሞች አጠፉ ለማለት አይደለም። እያንዳንዱ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ የሚገባውን አዟል። አንዱ የሌላውን አላወቀም። ሁለቱንም የሚያውቁት ታማሚው ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ የሚነገር ነገር አልመሰላቸውም። እኛስ? «የትኛውን ሐኪም?» የሚለው መልስ ሊያስደነግጠን ሲገባ አሳቀን። ያኔ ቆም ብለን ብንጠይቅ ኖሮ አንድ ሙስሊም ወንድማችን ለሞት ባልቀረበ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ስለሚቆረቁረን ነው።

በአቡ ዳውድ ዘገባ ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። በጉዞ ላይ የነበረ አንድ ሰው ራሱን በድንጋይ ተመትቶ ቆሰለ። ገላ መታጠብ ግዴታ ሲሆንበት ተየሙም ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውኃ እያለህ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ በደረሳቸው ጊዜ ያንን ፍርድ የሰጡትን በብርቱ ወቀሱ፤ ለማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ይህን ሐዲስ በመድረሳ ሸምድደነዋል። ለራሳችን የተነገረ መሆኑ የገባን ግን ያ አባት ሲወድቁ ነው። ሳይጠይቅ የሚፈርድ ዓሊም የሰው ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ሐሳባችን ይህ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሳይታመም በፊት አንድ የሚያውቀው፣ እርሱም ቤተሰቡን የሚያውቅ ሐኪም ወይም አንድ የጤና ተቋም ይኑረው። ሲያመን የምንሮጥበት ሳይሆን ታሪካችን የተጻፈበት ቤት ይሁን።

ድሮ ይህ በሰፈራችን ሳይነገር ይደረግ ነበር። ለረጅም ዓመታት የአካባቢውን ሰው ሲያክሙ የኖሩ አንድ ሐኪም ነበሩ። እናቱን አዋልደው ልጁን ያከሙ፣ የማን ቤት አስም እንዳለ፣ የማን አባት በስትሮክ እንደሞተ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እርጅና ሲመጣ ክሊኒካቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ምእመኑ ተበተነ። ጉንፋን ሲይዘው አንዱ ክሊኒክ፣ ስኳር ሲያስቸግረው ሌላው፣ ገንዘብ ሲያጥረው መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «ያቺን ቀይዋን ክኒን» ማለት ሆነ። ሰፈር የቀየረውም ከአጠና ተራ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲሄድ የቤት ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ የሕክምና ካርዱን ግን ወደ ኋላ ትቶ ነው።

ታዲያ አዲስ ሐኪም እንዴት ይመረጣል? እኛ ሐኪም አይደለንም። ዲናችን ስለ ምርጫው የሚያስተምረውንና ባለሙያዎችን ጠይቀን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዕውቀት ይታይ። በኢማም ማሊክ ሙወጦእ እንደተዘገበው፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው ቆስሎ ሁለት ሐኪሞች ከበኒ አንማር በተጠሩ ጊዜ፣ መልእክተኛው ከሁለቱ በሕክምና ይበልጥ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። ኢብኑል ቀይም ይህን ዘገባ በዛዱል መዓድ ሲያብራሩ፣ በየትኛውም ሙያ ይበልጥ የሚያውቀውን መፈለግ እንደሚገባ ከዚህ ወስደዋል። በሌላ ሐዲስም ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ማየት ነውር አይደለም። የሚያክመኝ ሰው ሙያው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅም መብት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም። ብዙ ሰው «ዶክተር ካላየኝ አልታከምኩም» ይላል። በጤና ጣቢያ መጀመሪያ የሚያዩን አብዛኛውን ጊዜ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። ጤና መኮንንነት በአገራችን ትናንት የመጣ ሙያ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ የኖረ ነው። የደም ግፊትንና የስኳርን ክትትል ያውቁታል። ከአቅማቸው በላይ ሲሆንም ወደ ማን እንደሚልኩን ያውቃሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2005 ዓ.ም የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል፤ እነዚህ ሐኪሞች አንድን ቤተሰብ ከሕፃኑ እስከ አያቱ እንዲከታተሉ የተማሩ ናቸው። ቁጥራቸው ግን ገና ጥቂት ስለሆነ ለአብዛኞቻችን የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያው ነው።

ሁለተኛ አማና ይታይ። አማና ያለው ሐኪም ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል። ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ጥቁር አዝሙድ፣ የባህል መድኃኒት ትጠቀማለህ? ትጾማለህ? ይላል። የማያውቀውን አላውቅም ይላል፤ ከእኔ የሚሻል አለ ብሎ ይልካል። የማያስፈልግ ምርመራና መድኃኒት አያበዛም። የሰማውን ምስጢር ለጎረቤት አያወራም። ይህን በአንድ ቀን ማወቅ ያስቸግራል፤ በሁለትና በሦስት ጊዜ ግን ይታወቃል።

«ሐኪሙ ሙስሊም መሆን አለበት ወይ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ጾም ማፍጠር በሚፈቅድ ሕመም ላይ የቀደሙ ፉቀሃዎች ሙስሊም፣ ታማኝና ብልህ ሐኪም ይመስክር ያሉበት ቦታ አለ። ፍላጎታቸው የጾሙን ክብር የማያቃልል፣ ዕውቀቱም የተረጋገጠ ሰው እንዲመሰክር ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ወደ ሰቂፉ ሐኪም ወደ ሐሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱ መክረዋል፤ የሐሪስ መስለም በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ አከራካሪ ነው። በሂጅራ ጉዞም ነፍሳቸውን አደራ ሰጥተው መንገድ እንዲመራቸው የቀጠሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ በቁረይሽ ሃይማኖት ላይ የነበረ ሰው ነው። መንገዱን ያውቃል፤ ይታመናልም። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎችም ሐኪሙ በሙያው የታመነ ከሆነ ሙስሊም ባይሆንም ቃሉ እንደሚያዝ ያስረዳሉ። እኛም በጤና ጣቢያ ማተብ ያሰሩ እህቶችና ወንድሞች የእናቶቻችንን ጾም ከእኛ በላይ ተጠንቅቀው ሲጠይቁ አይተናል።

ሦስተኛ ሐያእ ይጠበቅ። ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን ሴት ባለሙያ ከተገኘች እርሷ ትቅደም፤ ካርድ ሲወጣ መጠየቅ ይቻላል። ካልተገኘች ግን «ወንድ አያየኝም» ብሎ ሕመምን አፍኖ መቀመጥ ሸሪዓው የሚያዘው አይደለም። ዶሩራ የራሱ ብይን አለው፤ ባል ወይም እህት አብሮ ይገባል፤ የሚያስፈልገው ብቻ ይታያል። በስልጢኛ ወይም በጉራግኛ እንጂ በአማርኛ ሕመማቸውን በደንብ መናገር የማይችሉ እናቶችም አሉን። እነርሱን ብቻቸውን አንላክ። ሕመሟን ያልተናገረች እናት አልታከመችም።

አራተኛ ቅርበትና አቅም ይታሰብ። በጤና ሚኒስቴር አሠራር አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ያህል ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ሕክምናው ከዚያ ይጀምራል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። በክፍለ ከተማችን ያለው አለርት በ1958 ዓ.ም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ ብዙ ዓይነት ሕመም የሚታከምበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። ለተራ ሳል በቀጥታ ወደዚያ መሮጥ የራስን ቀን ማጥፋት፣ የባሰበትንም ወንድም ወረፋ መያዝ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብም ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በሪፈር መሄድ እንዳለበት ይወቅ፤ አለዚያ ወጪው በራሱ ላይ ይወድቃል።

እውነቱን እንናገር፤ ጤና ጣቢያ ሁሉ ነገር ቀና አይደለም። ወረፋው ያታክታል። የታዘዘው መድኃኒት ከውጭ ግዙ የሚባልበት ቀን አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ባለፈው ወር ያየችን ባለሙያ ዛሬ ተዛውራ ሌላ ሰው እናገኛለን። «እንግዲህ አንድ ሐኪም ያዙ የምትሉን የቱን ነው?» ብትሉን ትክክል ናችሁ። ሰውየው ባይገኝ ካርዱ ይገኛል። አንድ የካርድ ቁጥር፣ አንድ ማኅደር፣ አንድ ቤት። ለዚያውም የሚረዳ ነገር ከእኛ እጅ አለ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ደብተር ይኑር። የሚወስደው መድኃኒት በሳጥኑ ላይ ባለው በዋናው ስሙ፣ መጠኑ፣ የተለካው ግፊትና ስኳር ከነቀኑ ይጻፍበት። አቅም ያለው የግል ክሊኒክ ቢመርጥም ሕጉ ያው ነው፤ አንዱን ይያዝ፤ ሌላ ጋ ሲሄድ ደብተሩንና የመድኃኒቱን ፌስታል ይዞ ይሂድ።

አንዱን ያዙ ስንል እስረኛ ሁኑ ማለታችን አይደለም። የማይሰማ፣ የሚያመናጭቅ፣ ሕመሙ አልሻል ሲል መንገድ የማይቀይር ሐኪም ካጋጠመ መቀየር ይቻላል። ሁለተኛ ሐኪም ማማከርም ክህደት አይደለም። ነገር ግን ተደብቀን አንሂድ፤ የምርመራውን ውጤትና የሕክምናውን ማጠቃለያ ጠይቀን ይዘን እንሂድ። ያ አባት የወደቁት ሁለት ሐኪም ስላማከሩ ሳይሆን ለአንደኛው የሌላኛውን ስላልነገሩ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ዑለማዎችም የማይድን ሕመም ያለበት ፊድያ እንዲሰጥ ብይን ሰጥተዋል። ሩኽሷ ከአላህ የተሰጠ ስጦታ ነው እንጂ የደካሞች ማምለጫ አይደለም። ሆኖም ሕመምተኛው ስንፍና እንዳይመስልበት ይፈራል። ጎረቤት ምን ይለኛል ይላል። በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ታማሚዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የዓይነት 2 ስኳር ካለባቸው ከመቶው 79 ያህሉ በረመዳን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። በእነርሱም ላይ አደገኛ የስኳር መውረድ ከሌላው ጊዜ በ7.5 እጥፍ ጨምሮ ታይቷል። የጾመ ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች በሰላም ይጾማሉ። ማን በሰላም እንደሚጾም ለይቶ የሚናገረው ግን ታሪኩን የሚያውቅ ሐኪም ነው።

ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ስኳርና ረመዳንን የተመለከተ ዓለም አቀፍ መመሪያ ታማሚው ረመዳን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በፊት ሐኪሙን እንዲያይ የሚመክረው። በዚያ ጊዜ አደጋው ይመዘናል፤ የክኒኑ ዓይነት፣ መጠንና ሰዓት ይስተካከላል። መመሪያው የደም ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ወይም ከ300 በላይ ሲወጣ ጾሙ እንዲፈታ ያዛል። በጣት ደም መለካት ጾም ያፈርሳል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አያፈርስም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ለምርመራ ደም መስጠትም ሆነ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ኢንሱሊን የሚወጋም በዚሁ ይገባል። ስለዚህ ማግሪብ ሊደርስ አንድ ሰዓት ቢቀረውም፣ ሳምቡሳው እየተጠበሰ ቢሸትም፣ ላብ ላብ ያለው፣ የተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ የጨለመበት ሰው ይለካ፤ መለኪያ ከሌለው ተምሩን አንስቶ ይብላ። ይህ ለአላህ የሚታዘዝ ሰው ሥራ ነው።

ረመዳን ገብቷልና ጊዜው አልፏል አትበሉ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት በዚህ ሳምንት ይሂድ፤ ፌስታሉን ይዞ ይሂድ። ሌላው ቤተሰብ ከዒድ በኋላ በሸዋል ወር ካርዱን ያውጣ። በሚቀጥለው ዓመት ረጀብ ሲገባ ደግሞ ቀጠሮ ይያዝ። ቁርኣን እየቀራን፣ ዱዓ እያደረግን፣ ሩቅያውንም ሳንተው መታከም ይቻላል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው ያዘዙት ተወኩላቸው ስላነሰ አይደለም።

ለባለጸጎቻችንም አንድ አደራ አለን። በኮልፌ ጓዳ ውስጥ የጤና መድን መዋጮ ከፍሎ መመዝገብ ያቃተው ብዙ ቤት አለ። በየመስጂዱ የምታስፈጥሩት ሾርባና ተምር አጅሩ ከአላህ ነው። ከሰደቃችሁ ላይ ለአንድ ጎረቤት የዓመቱን መዋጮ ብትከፍሉለት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በር ከፈታችሁለት። መቼና እንዴት እንደሚመዘገብ ወረዳውን ወይም ጤና ጣቢያውን ጠይቁ፤ የመስጂድ ኮሚቴዎችም ስም በመያዝ ያግዙ።

እኛም በበኩላችን ቃል ገብተናል። ከእንግዲህ «ልጹም ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀን ሕመምተኛ መስጂድ በር ላይ ቆመን አንመልስም። ቁጭ ብለን ሐኪምዎ ማን ነው፣ መቼ አዩዎት፣ ምን አሉዎት ብለን እንጠይቃለን። መልሱ «የትኛው?» ከሆነ ፈትዋው ይቆያል፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። ያ አባት ዘንድሮ ከመጀመሪያው ሰፍ አልጠፉም። ሐኪማቸው አትጹሙ ስላሏቸው ፊድያቸውን ከፍለው ከጿሚዎች ጋር በማግሪብ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ከብዷቸው ነበር፤ አሁን ደብተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለጓደኞቻቸው ያሳያሉ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ይማርልን፤ ጾማችንንም ይቀበለን። ወላሁ አዕለም።